የኩላሊት ደም ቅዳ ከተከፈተ በኋላ ግፊት ምን ይሆናል?

ከሚዛን ተፈሪ አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከማጂ ለሚነሣማ መንገዱ ይበልጥ ይረዝማል። የኩላሊቱ ደም ቅዳ ጠቦበት ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ያለ ሰው በጅማ በኩል ይህን ሁሉ ተጉዞ በካቴተር የሚሠራ ሆስፒታል ይደርሳል። ቧንቧው በአንድ ቀን ይከፈትለትና ከጥቂት ቀናት በኋላ ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሳምንት፣ ወርና ዓመት የሚያልፈው ግን እዚሁ፣ በእኛ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ነው። ይህ ትምህርት ያንን ወረቀት ለምትቀበሉ ነርሶችና የጤና መኮንኖች የተዘጋጀ ነው፤ ታካሚውና ቤተሰቡ ቢያነቡትም አይከብዳቸውም።

ትምህርቱ የቆመበትን መሠረት ቀድሜ ላስቀምጥ። የቧንቧው መከፈት አንድ ነገር ነው፤ የግፊቱ መዳን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ሐኪሙ እዚያው በራጅ ያየዋል። ሁለተኛውን የሚያሳየው ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ ነው፤ እሱም የሚያሳየው በአንድ ቀን ሳይሆን በብዙ ቀን ነው።

ለምን ሁለት እንደሆኑ ለመረዳት ከኩላሊቱ እንነሣ። ኩላሊት ደም እንደሚያጣራ ሁሉም ያውቃል። የሚዘነጋው ኩላሊት ግፊትን የሚከታተል አካል መሆኑ ነው። ወደ እሱ የሚመጣው ደም ግፊቱ ሲቀንስበት ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ሬኒን ብቻውን ግፊት አይጨምርም፤ ጉበት ከሠራው ፕሮቲን ቆርጦ አንጂዮቴንሲን አንድን ያወጣል። ይህንን ደግሞ በተለይ በሳንባ ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያለ ኤንዛይም ወደ አንጂዮቴንሲን ሁለት ይለውጠዋል። ጉልበተኛው ይሄኛው ነው። የመላ ሰውነትን ደም ቅዳዎች ያጠብባል፤ ከኩላሊት በላይ የተቀመጠውን የአድሬናል ዕጢ ቀስቅሶም አልዶስቴሮን ያስለቅቃል። አልዶስቴሮን ጨውና ውኃ ከሰውነት እንዳይወጣ ያስቀራል። በየቀኑ የምንሰጠው ኢናላፕሪል የሚሠራው ይህንን ሰንሰለት መካከሉ ላይ በመበጠስ ነው።

ደም የፈሰሰውን ወይም በተቅማጥ የደረቀን ሰው ይህ ሥርዓት ነፍሱን ያተርፍለታል። ጣጣው የሚመጣው በሰውነት ውስጥ በቂ ደም እያለ ወደ ኩላሊት የሚወስደው ቧንቧ ብቻ ሲጠብ ነው። በውኃ መስመር መጨረሻ ላይ ያለ ቤት የራሱ ቧንቧ በዝገት ተደፍኖ ጠብ ጠብ ሲልበት የከተማው ማጠራቀሚያ ባዶ የሆነ ይመስለዋል። ሄዶ ይጮኻል፤ ፓምፑን ያጠነክሩለታል፤ የጎረቤት ቧንቧ ሁሉ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ የእሱ ቤት ግን ያው ጠብ ጠብ ነው። ደም ያጣው ኩላሊት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። የሚጎዱት ልብ፣ አንጎልና ዓይን ብቻ አይደሉም፤ ቧንቧው ያልጠበበው ሁለተኛው ኩላሊትም በማይገባው ግፊት ሲደበደብ ይኖራል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ብዙ ነገር የሚያብራራው እሷ ናት።

ነገሩ በሙከራ የተረጋገጠ ነው። ሬኒንን እ.ኤ.አ. በ1898 ሮበርት ቲገርስቴትና ፔር በርግማን በስቶክሆልም ከጥንቸል ኩላሊት አገኙት፤ ከዚያ ለረጅም ዓመታት ብዙ ሰው ዞር ብሎ አላየውም። እ.ኤ.አ. በ1934 ሃሪ ጎልድብላት በክሊቭላንድ የውሾችን የኩላሊት ደም ቅዳ በመቆንጠጫ አጥብቦ ግፊታቸው እንደሚወጣ አሳየ። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በእንስሳት ላይ ያዩት ደግሞ ለዛሬው ትምህርታችን ይበልጥ ይጠቅማል፤ መቆንጠጫው ቶሎ ከተፈታ ግፊቱ ይመለሳል፣ ብዙ ከቆየ ግን ቢፈታም ላይመለስ ይችላል። ለምን? በዚያ መካከል ሌላው ኩላሊትና ትናንሾቹ ደም ቅዳዎች ተጎድተው ግፊቱን በራሳቸው መሸከም ስለሚጀምሩ ነው። ጠባሳው የራሱ ጌታ ይሆናል።

ቧንቧው የሚከፈትበትን ሥራ በአጭሩ ልንገራችሁ። በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ካቴተር ይገባል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ፊኛ በጠበበው ቦታ ተነፍታ ቧንቧውን ታሰፋዋለች፤ ካስፈለገም ስቴንት የሚባለው የብረት መረብ እዚያው ይቀራል። አንድሪያስ ግሩንትሲግ በዙሪክ እ.ኤ.አ. በ1977 የልብን ደም ቅዳ በዚህ መንገድ ከፈተ፤ የኩላሊቱን ሥራ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በማግሥቱ ዓመት አሳተመ። ሙሉ ማደንዘዣ አይፈልግም፤ ታካሚው እየሰማ ይሠራል።

ወደ ውጤቱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ቧንቧውን ያጠበበው ምንድን ነው? በዕድሜ የገፋ፣ ሲጋራ ያጨሰ፣ ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ብዙውን ጊዜ በግድግዳው ላይ የተጋገረ ስብና ካልሲየም ነው፤ ቦታውም ቧንቧው ከአኦርታ በሚነሣበት አፍ ላይ ነው። እዚያ ፊኛ ብቻውን አይበቃም፤ ተመልሶ ስለሚጠብ ስቴንት ይገባል። ወጣት ወይም ጎልማሳ ሴት ከሆነች ፋይብሮመስኩላር ዲስፕላዚያ ሊሆን ይችላል፤ የግድግዳው ሥጋ በየቦታው ወፍሮ የቧንቧውን መካከልና ጫፍ የሚያጠብብ፣ ለፊኛ ብቻ በደንብ የሚታዘዝ ሕመም ነው። ሦስተኛው ታካያሱ ነው፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1908 በዓይን ላይ ያለውን ምልክት ከገለጸው ከጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሚኪቶ ታካያሱ የመጣ ነው። አኦርታንና ቅርንጫፎቹን ያስቆጣል፤ የሚያጠቃውም በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን ነው። በእስያና በአፍሪካ የወጣት ሰው የኩላሊት ደም ቅዳ ሲጠብ መጀመሪያ ከሚጠረጠሩት ውስጥ ነውና የአውሮፓን መጽሐፍ ቁጥር እንዳለ አምጥተን በቴፒ ልጅ ላይ መጫን አይገባንም።

አሁን ሁለት ታካሚዎች በአንድ ሳምንት ከአዲስ አበባ ተመለሱ እንበል። አንዷ የ26 ዓመት የቴፒ ወጣት ናት፤ ግፊቷ ከታወቀ ዓመት አልሞላም። ሌላው የ66 ዓመት የማጂ አባት ናቸው፤ ከግፊት ጋር 15 ዓመት ኖረዋል፤ ሲጋራም ያጨሱ ነበር። የሁለቱም ወረቀት ቧንቧው በደንብ ተከፍቷል ይላል። ግፊታቸው ግን አንድ መንገድ አይሄድም።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሬኒን ሰዓታት ናቸው። ሬኒን በደም ውስጥ የሚቆየው በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ ነው። ኩላሊቱ ደም ሲደርሰው መልቀቁን ይቀንሳል፤ ቀድሞ የወጣውም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ግፊቷ ሙሉ በሙሉ በሬኒን የተያዘው ወጣት በዚያው ቀን ሲወርድላት ይታያል፤ 180 የነበረው የላይኛው ቁጥር 130 ሊደርስ ይችላል። ደስ ያሰኛል፤ አደጋም አለው። ጠዋት የዋጠቻቸው አራት ዓይነት ኪኒኖች የታዘዙት ለ180 እንጂ ለ130 አልነበረም። ቧንቧው ሥራውን ሠርቶ መድኃኒቶቹም ሥራቸውን ከቀጠሉ ስትነሣ ዓይኗ ይጨልማል፣ ትወድቃለች፤ ገና ደም ያገኘው ኩላሊትም መልሶ ደም ያጣል። በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ሐኪሞች ግፊቱን ቶሎ ቶሎ እየለኩ መድኃኒት የሚቀንሱት ወይም የሚያቆዩት ለዚህ ነው። እናንተም ወረቀቱ ላይ ያለው መድኃኒት ከበፊቱ ያነሰ ቢሆን ተረስቶ ነው ብላችሁ የድሮውን አትመልሱ።

ቀጥለው የሚመጡት ቀናት የጨውና የውኃ ናቸው። አልዶስቴሮን ሲረግብ ያስቀረው ጨው በሽንት ይወጣል። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ጠበው የነበሩ፣ ወይም አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሰው ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፤ ሽንቱ ይበዛል፣ ክብደቱ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያሸና መድኃኒት እንደ በፊቱ እየወሰደ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ቢጨመርበት በሁለት ቀን ይደርቃል። ለራጁ የተሰጠው ቀለምም ኩላሊትን ሊያስከፋ ይችላል። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬያቲኒን፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ብሎ በአብዛኛው በሳምንት ገደማ ይመለሳልና ታካሚው ወደ አገሩ ከመጣ በኋላ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አንድ ጊዜ ደሙን ቢያስመረምር የሚያስቆጭ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታትና ወራት የጠባሳው ናቸው። ለዓመታት በግፊት የኖሩ ትናንሽ ደም ቅዳዎች ግድግዳቸው ወፍሯል፤ የልብ ጡንቻም ወፍሯል። ይህ በአንድ ሌሊት አይቀልጥም። የማጂው አባት በመጀመሪያው ቀን 175 የነበረው 160 ቢሆንላቸው ነው፤ በወሩ 150፣ ያውም ከሦስት መድኃኒት ጋር። ሥራው ከሽፎ አይደለም፤ የሚወርደው የግፊቱ ክፍል ይህችው ስለሆነች ነው። ስለዚህ ፍርድ የሚሰጠው በመጀመሪያው ቀን ቁጥር አይደለም፤ በ1 ወር፣ በ6 ወርና በ12 ወር ተለክቶ ነው። ድኗል የሚባለው ያለ ምንም መድኃኒት ከ140 በ90 በታች የሆነው ሰው ብቻ ነው። በትንሽ መድኃኒት በደንብ የተያዘ ሰው ተሻሽሏል ይባላል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። በፋይብሮመስኩላር ዲስፕላዚያ ሙሉ በሙሉ የሚድኑት ከሦስት አንድ እስከ ግማሽ ገደማ ናቸው፤ ዕድሜው ያነሰና ግፊቱ ያልቆየበት ሰው ዕድሉ የተሻለ ነው። በስብ ምክንያት በጠበበው ደም ቅዳ ግን ሙሉ መዳን ብርቅ ነው።

እዚህ ላይ የወረደ ግፊት ሁሉ የምሥራች እንዳልሆነ አጥብቄ መናገር አለብኝ። ካቴተር በገባበት ብሽሽት በኩል ወይም በተከፈተው ቧንቧ ዙሪያ ደም ወደ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ደሙ ከሆድ በስተኋላ ስለሚጠራቀም በውጭ አይታይም። ግፊቱ ወርዶ የልብ ምቱ ከፈጠነ፣ ላብ ካጠመቀው፣ ጎኑን ወይም ወገቡን ካመመው ቧንቧው ተከፍቶለት ነው ብላችሁ አትጽናኑ። ይህ የሚደርሰው በአብዛኛው ገና ሆስፒታል ሳለ ነው፤ ግን ቶሎ በወጣ ታካሚ ላይ መንገድም ላይ ሊደርስ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ድንገት የወጣ ግፊት ከጎን ውጋት ጋር ከመጣ ቧንቧው መልሶ ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና እሱም የድንገተኛ ጉዳይ ነው። ቀለል ያለ ምክንያትም አለ፤ ለሰዓታት በጀርባው ተኝቶ ሽንት መሽናት ያቃተው ሰው የሽንት ፊኛው ሲወጠር ግፊቱ ይወጣል፤ ካሸናችሁት ይወርዳል። ከሳምንታት በኋላ የእግሩ ጣቶች ጠቁረው ወይም ወደ ሐምራዊ አድልተው ካመሙት ደግሞ ከግድግዳው የተላቀቀ የስብ ፍርፋሪ ትናንሽ ደም ሥሮችን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ካልሲውን ሳታስወልቁ ይህን አታዩትም።

በ66 ዓመቱ አባት ጉዳይ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ቀድሞውኑ መሄድ ነበረባቸው? ለጉዞውና ለስቴንቱ የዓመቱ ቡና ተሸጦ፣ ምናልባትም ከቡናው መሬት ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው አስትራል የተባለው ጥናት 806 ታካሚዎችን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ኮራል ደግሞ ከ900 በላይ ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በመድኃኒት ብቻ፣ ግማሹን በመድኃኒትና በስቴንት አክሞ አነጻጸረ። ሁለቱም ጥናቶች በስብ ለጠበበ ደም ቅዳ የተሠሩ ናቸው። በኮራል ስቴንት የገባላቸው የላይኛው ግፊታቸው ከሌሎቹ ያነሰው በ2 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ብቻ ነበር፤ በልብ፣ በአንጎልና በኩላሊት ጉዳትም ሆነ በሞት ጎላ ያለ ልዩነት አልታየም። እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ግፊታቸው በሁለትና በሦስት መድኃኒት የተያዘ፣ የኩላሊታቸው ሥራ ሳይቀንስ ባለበት ያለ አዛውንት ቡናቸውን ሊሸጡ አይገባም።

ግን ሁሉም እንደዚያ አይደለም። ሳንባው ድንገት በውኃ እየተሞላ ሌሊት ሌሊት የሚታፈን፣ በአራት መድኃኒትም ግፊቱ ከ180 የማይወርድ፣ ኩላሊቱ በየወሩ እያሽቆለቆለ ያለ ሰው በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ በበቂ ቁጥር አልገባም። እሱን ያለ ምንም ማመንታት ሪፈር ጻፉለት። ወጣቷን ደግሞ በተለይ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ከባድ ግፊት ይዟት ስትመጣ የዘር ነው ብሎ መሸኘት ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ነገር ነው። ሆዷን በስቴቶስኮፕ አዳምጡ፤ በአልትራሳውንድ አንዱ ኩላሊት ከሌላው በ1.5 ሴንቲ ሜትር አንሶ እንደሆነ አስለኩ፤ ኢናላፕሪል ከጀመረች በኋላ ክሬያቲኒኗ ከ30 በመቶ በላይ ከወጣ ሁለቱም ቧንቧዎች ጠበው እንደሆነ ጠርጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በሀገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት ነበራቸው፤ ከእነዚህ መካከል በኩላሊት ደም ቅዳ መጥበብ የሚሆኑት ጥቂት ናቸው፣ ከመቶ ከ1 እስከ 5 ቢደርሱ ነው። ጥቂት መሆናቸው ግን ለሚታመመው ሰው ምንም አያቀልለትም።

የምትለኩት ቁጥር ካልታመነ እስካሁን የተማርነው ሁሉ ዋጋ የለውም። ታካሚው ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ ክንዱ በልቡ ልክ ሆኖ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ከመለካቱ በፊት 30 ደቂቃ ቡና አይጠጣ፣ አያጭስ፤ ጫት ከቃመም ሌላ ቀን ይምጣ። በቡና አገር ይህን መጠየቅ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከቶና ተነሥቶ የመጣ ሰው በረካውን ትቶ ነው የመጣው። ቢሆንም ጠይቁት። ቡናው ራሱ አይከለከልም፤ እኔን የሚያሳስበኝ በቡናውና በቅጠሉ መጠጥ ላይ የሚጨመረው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይህ ከወጡም፣ ከቡናውም፣ ከሁሉም ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ቧንቧው የተከፈተለት ሰው በጨው ላይ ነጻነት ያገኘ ይመስለዋል፤ አላገኘም።

ታካያሱ ያለባትን ሴት ስትለኩ ደግሞ አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ሕመሙ ወደ ክንድ የሚሄደውንም ደም ቅዳ ሊያጠብብ ይችላል። በዚያ ክንድ ላይ 110 ብታገኙ በልብና በአንጎል ያለው ግፊት 190 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ክንድ ለኩ፤ የልብ ትርታውን በሁለቱም እጅ ዳስሱ፤ ሁለቱም ደካማ ከሆኑ በእግር ለኩ። ትክክለኛው ክንድ የትኛው እንደሆነ በካርዷ ላይ ይጻፍ። አለበለዚያ ድና የተመለሰች መስሏችሁ መድኃኒቷን ታቆማላችሁ።

መድኃኒት ስለማቆም ካነሣን አይቀር፣ ስቴንት የገባለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ግፊቱ ስለወረደ ብቻ ማቆም የለበትም፤ እነሱ የግፊት መድኃኒት አይደሉም። ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት የሚወስድ ሰው አትቆጡት፤ ኪኒኑን ግን እንዳይተካበት አስረዱት። ጠበል የምትሄድ እናትም ኪኒኗን ይዛ ትሂድ። እትዬ፣ መድኃኒትዎን በምን ሰዓት ነው የሚውጡት ብሎ በትሕትና የጠየቀ ነርስ ከተቆጣው ይልቅ እውነቱን ይሰማል።

በመጨረሻም ወርዶ የነበረ ግፊት መልሶ ሲወጣ። ከሥራው በኋላ በ3ኛው ወር በአንድ መድኃኒት 125 በ80 የነበረችው የቴፒ ወጣት በ9ኛው ወር 165 በ105 ሆና ብትመጣ መጀመሪያ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ መውሰዷን፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ወይም እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ መጀመሯን፣ ማርገዟንም ጠይቁ። ካረገዘች ኢናላፕሪል ወዲያው ይቆምና በሜቲልዶፓ ወይም በኒፊዲፒን ይተካል። ከእነዚህ አንዱም ካልተገኘ ቧንቧው መልሶ ጠቦ ይሆናል፤ ይህ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው፤ በታካያሱ ደግሞ ቁጣው ሳይበርድ ከተሠራ ይበልጥ ይደጋገማል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ከሥራው በፊት የነበረውን ግፊት፣ ከሥራው በኋላ የደረሰበትን ዝቅተኛ ቁጥር፣ የዛሬውን፣ የተለካበትን ክንድ፣ የመድኃኒቶቹን መጠንና የመጨረሻውን ክሬያቲኒን ጻፉ። መልሶ የጠበበ ቧንቧ ብዙ ጊዜ በፊኛ እንደገና ሊከፈት ይችላል፤ እዚያ ያለው ሐኪም ለመወሰን የሚያስፈልገው እናንተ የጻፋችኋቸውን እነዚያን ቁጥሮች ነው።